ለጽጌሬዳ የተተከለው ድንኳን

አያ አስናቀው ድንኳን የሚሰፋ ሰው ነው። ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ የክርና የቁልፍ ሱቅ ጎን፣ ጎልማሳ ሳለ የተቀመጠባትን በርጩማ ሸብቶም አልለቀቃት። ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ተቀምጣችሁ ዝናብ ካልመታችሁ፣ ፀሐይ ካላነደዳችሁ፣ የሱ እጅ አለበት ማለት ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። ማሞገስ አይሆንልኝም፤ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ "መንበረ ሰው ካመሰገነች ያማታል" ይለኝ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው የምለው።

አባቱ ደገኛ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ካለው የገብስ አገር ወርዶ ከተማ የገባ። እናቱ እዚሁ ጎንደር ተወልዳ እዚሁ የሞተች። ሚስቱ ጽጌሬዳ ደግሞ የሐይቅ ዳሯ የእንፍራንዝ ልጅ ናት፣ የአያ ወንዴ ልጅ። አስናቀው ለአንድ ሰርግ የዳስ ሸራ ሊጠግን እንፍራንዝ ወርዶ ሳለ አያት፤ ሸራውን ሳይጨርስ ተመልሶ ሽማግሌ ላከ። "እኔን ሲያይ መርፌው ጠፋበት" እያለች ስትስቅበት ኖረች። አንድ ልጅ ወልደው በኩፍኝ ቀበሩ። ሌላ አልተሰጣቸውም።

ሊያበሽቃት ሲፈልግ "አንቺ አሣ በሊታ" ይላታል። እሷም "ምነው አያ አስናቀው፣ ውርጭ የመታው ገብስ ሰውን መስደብ ጀመረ?" ትለዋለች። እኛ እንስቃለን። ያኔ ደገኛነትና ሐይቅ ዳርነት የምሳ ሰዓት ጨዋታ ነበር። በዚህ የሚጣላ ሰው ቢኖር ጠጥቷል ብለን ነበር የምናልፈው።

እድራችን የሠፈር እድር ነው። ስም እንኳ አልነበረውም፤ "እድሩ" ነው የሚባለው። ከበለሳ የመጣ ሸማኔ አለበት፣ የአርማጭሆ ነጋዴ አለበት፣ ጡረታ የወጣ ወታደር አለበት፣ ደብተራ አለበት። ጥሩምባው ሲነፋ "የማን ወገን ነው?" የሚል አልነበረም፤ "ማን ሞተ?" ነበር የሚባለው። ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ጽጌሬዳ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የእንጀራ መሶቧን አዝላ ትገባለች፤ ድስት ታጥባለች፣ ሐዘንተኛዋን ደግፋ ታድራለች፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል እሷ አለች። እኔ ባለቤቴን የቀበርኩ ጊዜ አርባው እስኪወጣ ከቤቴ አልጠፋችም። አንድ ቀን እንኳ "አይዞሽ" አላለችኝም፤ ሽንኩርት ትከትፍልኝ ነበር። አይዞሽ ካሉኝ ሁሉ እሷን ነው የማስታውሳት።

ታዲያ ይህ እድር እንዴት ፈረሰ ብትሉኝ፣ በክፋት አይደለም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን የምረግመው አገኝ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ከደባርቅና ከዳባት ወገን ሰው ተፈናቅሎ መጥቶ ትምህርት ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ ከተማ ያሉ ደገኞች ተጠራሩ። ብርድ ልብስ ሰበሰቡ፣ ዱቄት አስፈጩ። አስናቀው ያሉትን ሸራዎች ሁሉ አውጥቶ መጠለያ ተከለ፤ ጽጌሬዳ የሐይቅ ዳር ልጅ ናት ሳትባል በርሜል ሙሉ ሽሮ ስታማስል ሰነበተች። ሸጋ ሥራ ነበር፤ እግዜር ይየው፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ተፈናቃዩ አገሩ ሲገባ "ይህን የመሰለ ኅብረት ለምን ይበተናል?" ተባለ። የደጋ ልጆች መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። ፈቃድ አወጣ፣ ማኅተም አስቀረጸ፣ ሊቀመንበር መረጠ። ሊቀመንበሩ አቶ ዕንባቆም የተባሉ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አስተማሪ ነበሩ፤ ሲናገሩ ተረት ይወዳሉ። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" ብለው ሲጀምሩ ሰው ያጨበጭባል።

ደገኛው ሲደራጅ ሐይቅ ዳሩ ዝም ይላል? የሐይቅ ዳር ልጆችም ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ቲሸርት አለው፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለው፣ እያንዳንዱ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚል ባነር አለው። አንበሳው ማን እንደሆነ አልነገሩንም። እያንዳንዱም ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ድንኳን ፈለገ፤ አስናቀውም እንደዚያ ጊዜ ሥራ በዝቶበት አያውቅም። ከሸራው ይልቅ ስሙ ክር ይጨርሳል። እኔም ክር ሸጥኩ፤ ምን አገባኝ ብዬ።

ቀስ በቀስ ሰው የሠፈሩን እድር ተወው። ደገኛው ለደገኛ፣ ሐይቅ ዳሩ ለሐይቅ ዳር መቅበር ጀመረ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ተጠራና እድሩ ይፍረስ፣ ዕቃው ይከፈል ተባለ። ድስቱ ተከፈለ፤ አግዳሚው ተከፈለ። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ወገን አለቅም አለ። ድንኳኑን አስናቀው ነበር ገና ወጣት ሳለ የሰፋው። አንዱ ተነሥቶ "እንግዲያው እኩል ይቆረጥ" አለ፤ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ተሸክመው አስናቀው ዘንድ አመጡት። "ግማሽ ድንኳን ማንንም አያስጠልልም" አላቸው። "አንተ ቁረጥ፤ የኛን ለኛ ተው" አሉት። መቀሱን አንሥቶ ቆረጠው። የአንደኛው ወገን ግማሽ አሁን የገብስ ክምር ይሸፍናል፤ የሌላውን ጭነት መኪና ላይ ታስሮ አይቼዋለሁ።

ያን ዕለት ማታ ጽጌሬዳ "እኛስ ከየትኛው ነን?" አለችው። አስናቀው ነገሩን እንደ ዋዛ አሳለፈው፤ ሰው ካልሞተበት እድር ማን ያስታውሳል?

ጽጌሬዳ በጠና የታመመችው በዓመቱ ነው። ጨጓራ ነው ሲሏት ቆይተው በኋላ ጉበቷ አልቋል አሉ። አስናቀው ከሐኪም ቤት ይዟት ሲመጣ ባጃጁ ሱቄ በር ላይ ቆመ፤ ስትወርድ ልጅ አክላ ነበር። ፊቷን አይቼ አወቅሁ። እሷም ማወቄን አወቀች።

ልጠይቃት ስሄድ ስለ በሽታው አታወራም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቃት። "መንበረ፣" አለችኝ አንድ ቀን፣ "ስንት ሰው ቀብሬያለሁ መሰለሽ? እኔን ግን አራት የቀን ሠራተኛ ተሸክሞ ይወስደኛል። ባዶ ድንኳን እንኳ አይተከልልኝም። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ሞቱን አልፈራሁትም፤ ሰው ሳያለቅስልኝ እንዳልሄድ ነው። እህቴ ትምጣልኝ፤ እንኳየሁ ታልቅሰኝ።" እንኳየሁ እንፍራንዝ ያለች ታላቅ እህቷ ናት። አስናቀው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ይሰማ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናውን አልነካውም። ሥራው አንድ ሆነ፦ ሚስቱን የሚቀብር ማኅበር መፈለግ።

መጀመሪያ የሐይቅ ዳር ልጆች ዘንድ ሄደ። ተቀብለው ውሃ አጠጡት፣ አዘኑለት። "ሴት ባሏን ትከተላለች፤ ባሏ ደገኛ ነው። አባወራው የኛ ካልሆነ ደንቡ አይፈቅድም" አሉት። ከዚያ አቶ ዕንባቆም ዘንድ ሄደ። እሳቸውም አዘኑ። "አንተ የኛው ነህ፤ ሚስትህ ግን አይደለችም። ደንባችን ባልና ሚስት ሁለቱም የደጋ ተወላጅ ይሁኑ ይላል። ያለዚያ ከተማውን ሁሉ ልንቀብር ነው።" አንዱ ወደ ባሏ ላካት፤ አንዱ ወደ አባቷ መለሳት። የሁለቱንም ድንኳን የሰፋው ደግሞ እሱ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አስናቀው ጎረቤታችንን አያ ሙሉሰውን አማከረው፤ ሙሉሰው የደጋ ማኅበር አባል ነው፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እናት አለችው። ሁለቱ ተማክረው ጽጌሬዳን ደገኛ አደረጓት። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ወልደኢየሱስ የሚባል፣ ዘር ሳይተካ የሞተ ገበሬ ነበር። ጽጌሬዳ የወልደኢየሱስ ልጅ ሆነች። ማኅበሩ ሲሰበሰብ አስናቀው ተነሥቶ "ፊት አቦ ይየኝ" ብሎ ማለ፤ ሙሉሰው "አውቃታለሁ፣ የአገሬ ልጅ ናት" ብሎ መሰከረ። ከሠፈራችን የሄዱ ደገኞች እዚያው ተቀምጠው ነበር። እንጀራዋን የበሉ፣ እናታቸውን ያስቀበረችላቸው ናቸው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አቶ ዕንባቆምም መሐላና ምስክር ካለ የቀድሞ ቃሌን አንሥቻለሁ ብለው የደንቡን አንቀጽ በቃላቸው አሰሙ፦ በሐሰት የገባ ቢገኝ ከነምስክሩ ይሰረዛል፣ ድንኳኑም ለቅሶ መሐል ቢሆን ይነሣል። ሰው አጨበጨበ፤ ጽጌሬዳ ገባች።

ሲነግራት እኔ ከአጠገቧ ነበርኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። "አባቴን ለወጥከው?" አለች። እሱ "ለትከሻ ብዬ ነው። ሰው እንዲሸከምሽ" አለ። "ይሁን" አለች በመጨረሻ፣ "አፈሩ እንደሆነ አንድ ነው። ለእንኳየሁ ግን እንዳትነግራት፤ አባቷን ትወዳለች።" እኔም እሱም ማልንላት። ያኔ ልባችን ሁሉ ድንኳኑ ላይ፣ ሰው ብዛቱ ላይ ነበር። ለቅሶ የሚለቀሰው በአባት ስምና በአገር መሆኑን፣ ይህን ሕፃን የሚያውቀውን ነገር፣ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም።

ሐሙስ ጠዋት ሞተች። የባሕር ዳሩ መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ስልክም አይሠራ። ወደ እንፍራንዝ በዱር መንገድ የሚሞክር አንድ ሾፌር አግኝተን "ጽጌሬዳ አርፋለች፣ ቀብሯ ዓርብ ፊት አቦ ነው፣ ለእህቷ ንገርልን" አልነው። ይደርሳል ብለን አይደለም፤ አልነገሩም እንዳይባል ነው።

ማኅበሩ ግን መጣ። እንዴት አድርጎ መጣ! ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ፤ ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ከአዘዞ ሰው ጎረፈ። ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አስናቀው ዙሪያውን ያያል፤ እንባው ይወርዳል፤ ፊቱ ላይ ግን አንድ ዕረፍት የመሰለ ነገር ነበር። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ይኸው ጽጌ፣ አልኳት በልቤ፣ ይኸው ሰው።

አልቃሿ ከድንኳኑ መሐል ቆመች። የማኅበሩ ሰዎች አባቷንና አገሯን ነግረዋታል። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ይቆርጣል። እጇን ዘርግታ፦

"የወልደኢየሱስ ልጅ፣ የደጋ ወይዘሮ፣
ገብሱ ሳይታጨድ ምነው ሄድሽ ዘንድሮ?"

ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። አስናቀውን አየሁት፤ ዕረፍቱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አፉን ሊከፍት ፈልጎ ሙሉሰውን አየ፤ ሙሉሰው ከፊቱ ቆሟል፣ እሱ ቢሰረዝ ቀባሪ የምታጣው የእናቱ ቤት ደግሞ ከድንኳኑ አጥር ማዶ ነው። አፉን ዘጋ። አልቃሿ ወልደኢየሱስን አነሣች፣ በሬውን አነሣች፣ ውርጩን አነሣች፣ የማታውቀውን ተራራ ሁሉ አነሣች። አያ ወንዴን ያነሣ የለም። ሐይቁን ያነሣ የለም። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ማን እንደሆነች ለእኔም ተደናገረኝ፤ አልቅሼ አልቅሼ፣ ለማን እንደማለቅስ ጠፋኝ።

ፊት አቦ ስንደርስ ሌላ ሰው በበሩ ማለፍ እስኪቸገር ሞልተን ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ አፈሩ ተመለሰ። እኔ ከሰዉ ቀድሜ ወጣሁ። በቅጥሩ ሥር፣ ከወይራው ጥላ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል፤ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አድርጋዋለች። እንኳየሁ ናት።

"መንበረ! አንቺ ነሽ?" አለችኝ፤ ደስታ በሚመስል ድምፅ። "ሾፌሩ ሌሊቱን ደርሶ ነገረኝ። እኩሌታውን በእግሬ ነው የመጣሁት። እንዳላመልጣት ብዬ ቤት ሳልሄድ በቀጥታ እዚህ። እህቴን መቼ ነው የሚያመጧት?"

ከጎኗ ተቀመጥሁ።

"አንዲት ደገኛ ነው አሁን የቀበሩት፤ የወልደኢየሱስ ልጅ እያሉ ሲያለቅሷት ነበር" አለች ወደ ሕዝቡ እያየች። "አስከሬን ዝም ተብሎ አይታለፍ፣ ተነሥቼ እኔም ትንሽ አለቀስኩላት። ሰው ብዛቱ፣ መንበረ! ምን የታደለች ናት። ለጽጌ ግን እንዲህ ሰው ይወጣላት ይሆን?"

አስናቀው ሁለት ሰዎች ደግፈውት ሲወጣ አያት። ከሰዎቹ እጅ ወጥቶ መጣና ከፊቷ ተንበረከከ። "እሷ ናት፣ እንኳየሁ" አላት ቀስ ብሎ፣ "ያለቀስሽላት እሷ ናት።" አልገባትም። እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ምዬ ነበር፣ መሐላዬ እዚያች ወይራ ሥር ቀረ። ስለ ማኅበሩ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ሙሉሰው እናት ሹክ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እኔ የወልደኢየሱስን ልጅ ነው ያለቀስኩት" አለች። "እህቴን አላለቀስኩም።" ከዚያ ጫማዋን ሳታደርግ ገባች። መቃብሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ ቆየች። ድምፅ አላወጣችም። ድምፅ ብታወጣ የአባቷን ስም ነበር የምትጠራው፤ በር ላይ ደግሞ ማኅበሩ ቆሟል።

ወደ ድንኳኑ አብረን ተመለስን። በመግቢያው ሁለት የማኅበሩ ወጣቶች ከቀብር የሚመለሰውን ሰው እጅ ያስታጥባሉ፤ ዘመዱን ከፊት፣ እንግዳውን ከኋላ ያስቀምጣሉ። ትሑት ልጆች ናቸው። አንደኛው እንኳየሁን ሲያይ፣ አቧራዋን፣ እግሯን ሲያይ ራራና ጎንበስ አለ።

"እናቴ፣ ለሟቿ ምኗ ነዎት? ለዘመድ ከፊት ቦታ አለ።"

እንኳየሁ አስናቀውን አየችው። ከፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አቶ ዕንባቆም ትከሻውን ይዘውታል። እሱም አያት። ብዙ ዓመት የማውቀው ሰው ነው፤ እንደዚያ ሲያንስ አይቼው አላውቅም። ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ።

"መንገደኛ ነኝ" አለች። "ነፍስ ይማር።"

የሚያውቋት ጎረቤቶች ፊታቸውን አዞሩ። ከኋላ፣ ከድንኳኑ ጫፍ፣ ፀሐይ ከሚገባበት ቦታ ላይ ወስደው አስቀመጧት። ንፍሮ ሲዞር እጇን ዘረጋች፤ ለእንግዳ የሚዘገነውን ያህል ዘገኑላት።